የቡና ልማት ዕቅድ ከዓላማ ይነሣ፣ በውጤት ይመዘን

መግቢያ

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ አካባቢ የቡና ልማት ዕቅድ ሲወጣ በብዙ ቦታ በቅድሚያ የሚጻፈው የሥራ ዝርዝር ነው። ይህን ያህል ችግኝ ይታደላል፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ይህን ያህል ገበሬ ይሠለጥናል ይባላል። ዝርዝር አስፈላጊ ነው። ሆኖም የታደለው ችግኝ በበጋው ቢደርቅ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ሲል ገበሬው ግን ጉልበቱን ከስሯል። ቡና ከተተከለ በኋላ ፍሬ ለመስጠት ከ3 እስከ 4 ዓመት ስለሚፈጅ፣ የዕቅድ ጉድለት የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ከዓላማ ተነሥቶ ማቀድ እንዴት እንደሚቻል ከዚህ በታች እንገልጻለን።

1. ከቡና ፍሬ በሽታ የሚገኝ ትምህርት

የቡና ፍሬ በሽታ (ሲ.ቢ.ዲ.) በአገራችን የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በሽታው በሻጋታ የሚመጣ ሲሆን አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ ያረግፈዋል፣ ወይም በቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ያደርቀዋል። መድኃኒት መርጨት አንዱ መከላከያ ነው። ይሁን እንጂ ርጭቱ ገንዘብ ይጠይቃል፣ በየዓመቱም መደጋገም አለበት። ዓላማው የተረጨ ሄክታር መቁጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው በዚያው በተወሰነ ነበር። ዋናው ጥያቄ ግን ገበሬው በሽታው ባለበት ማሳ እንዴት ፍሬ ይልቀም የሚለው ነበር።

በዚህ መሠረት የምርምር ባለሙያዎች በደቡብ ምዕራብ አካባቢ፣ በበሽታው ክፉኛ በተጠቁ ማሳዎች መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ የቡና ዛፎችን ፈለጉ። የተመረጡትም በጅማ የምርምር ጣቢያ (መልኮ) በላቦራቶሪና በማሳ ተፈተኑ። 741፣ 74110፣ 74112፣ 74158 እና 74165 የተባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። በቁጥሩ መነሻ ያለው 74 ዛፎቹ የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል።

2. የዕቅድ አወጣጥ ቅደም ተከተል

አንድ ማኅበር 10,000 ችግኝ አለው እንበል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ቢተከል 4 ሄክታር ይሸፍናል። ዕቅዱ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይጻፍ።

ሀ/ ለማን ምን ይለወጣል? «አባላት 4 ሄክታር ያረጀ ቡና በሽታን በሚቋቋም ዝርያ ይተካሉ፤ ከ4ኛው ዓመት ጀምሮ ቀይ እሸት ለማኅበሩ ያቀርባሉ።»

ለ/ በምን ይታወቃል? በመጋቢት ወር በሕይወት ባለው ችግኝ ብዛት፤ በ4ኛው ዓመት በቀረበው ቀይ እሸት ኪሎ።

ሐ/ ምን ያሰናክለዋል? ዘግይቶ መትከል፣ የጥላ እጥረት፣ አረምና ከብት። ያረጀውን ቡና በአንድ ጊዜ መንቀልም ቤተሰቡን ገቢ ያሳጣል።

መ/ ምን ይሠራ? ዝርዝሩ የሚጻፈው አሁን ነው። ያረጀው ቡና በየተራ ይተካ። ጉድጓድ ከተከላ 2 ወይም 3 ወር በፊት ይቆፈር። ተከላው ክረምቱ ሲጠና፣ በሰኔና በሐምሌ ይከናወን። ጊዜያዊ ጥላ ይዘጋጅ፤ በጋው ሳይገባ ጉዝጓዝ ይደረግ። «ሀ» ላይ ለተጻፈው የማይረዳ ሥራ ከዝርዝሩ ይውጣ።

3. ክትትል

የልማት ሠራተኛው ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር ማሳ ድረስ ሄዶ ይቁጠር። ብዙ ችግኝ ደርቆ ከተገኘ ምክንያቱ ይመርመር። ምክንያቱ የጥላ እጥረት ከሆነ፣ ተጨማሪ ችግኝ ከማደል በፊት ጥላው ይቅደም። ዝርዝሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ዓላማው ግን እንደተያዘ ይቆይ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘንድሮው ዕቅዳችሁ ካሉት ሥራዎች በገበሬው ማሳ ላይ ለውጥ የሚያመጡት የትኞቹ ናቸው?
2. አምና ከተከላችሁት ችግኝ ዛሬ በሕይወት ያለው ስንት ነው? የቆጠረውስ ማን ነው?