ከስትሮክ በኋላ አንጎል እንቅስቃሴን እንዴት ይማራል?

ቀኝ እጃቸው በስትሮክ የደከመባቸው አባት ከማዕድ ሲቀርቡ አንዱ ያጎርሳቸዋል፣ ሌላው ብርጭቆውን ይይዝላቸዋል፣ ሁሉም «አይድከሙ» ይሏቸዋል። ይህ ደግነት የእጃቸውን መመለስ ሊያዘገይ ይችላል ብንል አንባቢያችን ይገረም ይሆናል። ምክንያቱን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማየት እንሞክራለን።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ በዕረፍት ጊዜ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በመሆኑም የአንጎል የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የነርቭ ሕዋሳት በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራሉ። የሞቱት አይተኩም። ታዲያ እንቅስቃሴ ከየት ይመለሳል? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠቱ ሲቀንስ፣ ሳይሞቱ ሥራ ያቆሙ ሕዋሳት ወደ ተግባራቸው ይመለሳሉ። ቀጥሎም የተረፉት ሕዋሳት አዲስ ግንኙነት እየፈጠሩ የጠፋውን ሥራ በከፊል ይረከባሉ። ይህን ባሕርይ ሊቃውንት ፕላስቲሲቲ ይሉታል።

ርክክቡ ግን ያለ ልምምድ አይሳካም። እ.ኤ.አ. በ1996 ራንዶልፍ ኑዶና ባልደረቦቹ በጦጣዎች ላይ ያደረጓቸውን ጥናቶች አሳተሙ። እጅን ከሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ጥቂቱ ተጎድቶ ሥልጠና ያላገኙት ጦጣዎች፣ ከጉዳቱ የተረፈው አጎራባች የእጅ ክልል ሳይቀር ጠበበባቸው። ከትናንሽ ጉድጓዶች ምግብ በጣታቸው እንዲለቅሙ የሠለጠኑት ግን ክልሉ አልጠፋባቸውም፤ በአንዳንዶቹም ክርንንና ትከሻን ያዝዝ ወደነበረው ስፍራ ተስፋፋ። ያልታረሰ ማሳ ድንበሩ እንደሚገፋ ማለት ነው።

በሰው ላይ ይህን ለማየት ፊዚክስ መንገድ ከፍቷል። ፋራዳይ በ1831 እንዳሳየው፣ ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በአስተላላፊ አካል ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል። በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ ሼፊልድ፣ ከራስ ቅል በላይ በተያዘ ጥቅል ሽቦ አንጎልን ቀስቅሰው የእጅ ጡንቻን አንቀሳቀሱ። ሽቦውን ከነጥብ ወደ ነጥብ በማዘዋወር የእጅን ካርታ መሣል ይቻላል። በ2000 በጀርመን አገር በ13 ሕሙማን ላይ የታተመ ጥናት፣ ጠቦ የነበረው ካርታ ከ12 ቀን ሕክምና በኋላ መስፋቱን አሳይቷል።

ሕክምናው ኤድዋርድ ታውብ የነደፈው ነው፦ ደህናው እጅ ይታሰራል፣ የደከመው በየቀኑ ለሰዓታት ይሠራል። ታውብ እንዳስተዋለው፣ ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞክሮ ሲያቅተው እጁን አለመጠቀምን ይማራል፤ አቅሙ ሲመለስም ልማዱ ይቀራል። በ2006 በአሜሪካ 222 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ የሁለት ሳምንቱ ሕክምና ጥቅም ከዓመት በኋላም እንደሚታይ አረጋግጧል።

ሆኖም ሕክምናው አንጓቸውንና ጣቶቻቸውን በመጠኑ ማንቀሳቀስ ለሚችሉ ነው። መቸኮልም ይጎዳል፤ በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ሕሙማንን ደጋግሞ ከአልጋ ማስነሣት ውጤታቸውን እንዳዳከመ አሳይቷል። ስለዚህ ጊዜውንና መጠኑን ባለሙያ ይወስን።

ባለሙያው ከፈቀደ በኋላ ግን አባታችን ብርጭቆውን ራሳቸው ያንሡ። ውኃው ቢፈስ ይታበሳል፤ እኛም እጃችንን ሰብስበን መጠበቅን እንልመድ።