ትምህርት፦ ያልጠራነው ደብዳቤ

በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ኢሜይል ነው። «ኢሜይል የቢሮ ሰው ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እኮ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ የረሳነው የይለፍ ቃል መቀየሪያ የሚመጣው በእሱ ነው። በሰው ቤት ለምንኖር ለእኛ፣ ቤት ብንቀይር አገር ብንቀይር አብሮን የሚሄደው አድራሻ ይኸው ነው።

አሁን ግን ብዙዎቻችን ስንከፍተው የምናገኘው የሽቶ ቅናሽ፣ የጫማ ቅናሽ፣ የሆቴል ቅናሽ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዷ የበረራ ሰዓቷ መቀየሩ የተነገራት በኢሜይል ነበር። መልእክቱ በማስታወቂያ ክምር ተቀብሮ ሳታየው ቀረች፤ አውሮፕላኑም ጥሏት ሄደ። የሁለት ወር ደመወዟ ለሌላ ትኬት ወጣ። ስለዚህ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ከየት ይመጣል?

ነገሩ ዛሬ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1978 ጋሪ ቱርክ የሚባል የአንድ የአሜሪካ ኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ሳይጠይቃቸው የማስታወቂያ ኢሜይል ላከ። ብዙዎቹ ተቆጡ። ታዲያ ለምን አልቀረም? መላኩ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ከብዙ ሺህ ሰው ጥቂቱ ቢገዛ ለሻጩ ያዋጣዋል።

አድራሻችንን የምንሰጠው ደግሞ እኛው ነን። አፕ ላይ ስንመዘገብ ከታች ትንሽ ሳጥን አለች፤ አንዳንዴ ቀድሞ ራይት ተደርጎባት ትጠብቀናለች። ትርጉሟ «ማስታወቂያ ላኩልኝ» ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 «ቀድሞ ራይት የተደረገ ሳጥን ፈቃድ አይባልም» ሲል ፈርዷል። እኛ ግን ፍርድ ቤት ሳንጠብቅ ራይቱን ራሳችን እናጥፋው። በገበያ አዳራሽ «ነፃ ዋይፋይ» ተብሎ ኢሜይል ስንጠየቅም ዋጋው ኢሜይላችን መሆኑን አንርሳ።

ሁለት ዓይነት ላኪ

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ላኪ የተመዘገብንበት እውነተኛ ሱቅ ነው። ይነዘንዛል እንጂ አይሰርቅም። የመጣውን ዲሊት ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ነገ ሌላ ይልካል። መፍትሔው «አንሰብስክራይብ» የሚለውን መንካት ነው፤ «ከዝርዝራችሁ አውጡኝ» ማለት ነው። በዓረብኛ ሲሆን «ኢልጋእ አል ኢሽቲራክ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ከደብዳቤው ግርጌ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ በጂሜይል ደግሞ ከላኪው ስም አጠገብም ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ጂሜይል በቀን 5,000ና ከዚያ በላይ ኢሜይል የሚልኩ ድርጅቶች ይህን በአንድ ንክኪ እንዲያደርጉና ጥያቄውን በ2 ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ ያዛል።

ሁለተኛው ላኪ ሌባ ነው። «ሽልማት ደርሶሻል»፣ «ሂሳብሽ ሊዘጋ ነው»፣ «ካናዳ ሥራ ተገኝቷል፣ ፓስፖርትሽን ላኪ» ይላል። የእሱን «አንሰብስክራይብ» እንኳ እንዳትነኩ! ከነካችሁት አድራሻው ላይ ሰው እንዳለ ያውቅና ይብስበታል፤ ወይም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ይወስዳችኋል። «ሪፖርት ስፓም» የሚለውን ብቻ ነክታችሁ እለፉት።

እንዴት እንለያቸው? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እዚህ ቦታ ተመዝግቤ አውቃለሁ? ከስሙ ሥር ያለው የላኪው አድራሻ ከድርጅቱ ጋር ይገጥማል? ገንዘብ፣ ፓስፖርት ወይም በሞባይል የመጣልኝን የምስጢር ቁጥር ይጠይቀኛል? ለመጨረሻው መልሱ «አዎ» ከሆነ ሌሎቹን አላይም፤ አልመልስለትም።

በዕረፍት ቀናችን እንሥራ

1ኛ. ጂሜይል ላይ ሦስቱን መስመሮች ነክታችሁ «ማኔጅ ሰብስክሪፕሽንስ» የሚለውን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጣ ነው። ማስታወቂያ የሚልኩላችሁን በዝርዝር ያሳያል፤ አንድ በአንድ ማቆም ነው።

2ኛ. ሁለት ኢሜይል ይኑራችሁ፦ አንዱ ለትኬት፣ ለሐዋላ፣ ለባንክና ለኤምባሲ፤ ሌላው ለሱቅና ለዋይፋይ።

3ኛ. ቦታውን ተመልከቱ። በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለኢሜይሉም ለፎቶውም ነው። ሲሞላ አዲስ ኢሜይል አይገባም፤ አስፈላጊውም ደብዳቤ ይመለሳል።

4ኛ. ኤጀንሲ፣ ደላላ ወይም ማዳም የከፈተላችሁን ኢሜይል ለጉዳያችሁ አትጠቀሙበት። የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው? ደብዳቤውንም የሚያነበው እሱ ነው።

ለውይይት

ሀ. ኢሜይልሽን እስከ ዛሬ የት የት ሰጥተሻል?
ለ. ዛሬ ኢሜይልሽ ቢዘጋ የትኛው ጉዳይሽ ይቆማል?

ያልገባት እህት ካለች ሳታፍር ትጠይቅ፤ የምታውቀው ደግሞ ከስብሰባ በኋላ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታሳያት። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።