በታቦተ ሕጉ ፊት ስለሚደረግ የሕዝብ ጭፈራ

በገጠር አጥቢያ የሚኖር ክርስቲያን የዓመቱን ወራት የሚቆጥረው በደብሩ በዓል ነው። ዕዳውን የሚከፍልበትን ወይም ልጁን የሚድርበትን ጊዜ ሲናገር «ከጊዮርጊስ በፊት» ወይም «ሚካኤል ከነገሠ በኋላ» ይላል። ከዚህ ከንግሥ በዓል ጋር ከአባቶቹ የተቀበለው ጭፈራ አብሮ ይኖራል። ስለዚህም ጭፈራ ሁለት ዐሳብ ሲነገር እንሰማለን። አንዳንድ ካህናት ነገሩን ዓለማዊ ነው ብለው ከቅጽሩ ብቻ ሳይሆን ከበዓሉ ጭምር ሊያርቁት ይፈልጋሉ። ሌሎች ደግሞ የአገር ልማድ ነውና አይነካ ብለው፣ መልካሙንም ክፉውንም አንድ አድርገው ያሳልፉታል። ጉዳዩን መርምሮ መለየት የሚገባን የደብር አስተዳዳሪ ሁሉ በየዓመቱ ሊወስንበት ግድ ስለሚሆን ነው።

ለምሳሌ ያህል ጥር 18 ቀን የሚከበረውን የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል እንውሰድ። ሊቃውንት ዝርወተ ዐፅም፣ ሕዝቡም ሰባር ጊዮርጊስ ይለዋል። ንጉሡ ዱድያኖስ የሰማዕቱን ሥጋ አቃጥሎና ፈጭቶ ዐመዱን በደብረ ይድራስ ተራራ ላይ እንዳስበተነው፣ ጌታችንም የተበተነውን ሰብስቦ ሕያው አድርጎ እንዳስነሣው ገድሉ ይነግረናል። በዓሉ የሚውለው ከጥምቀት በኋላ በሰባተኛው ቀን ነው፤ አዝመራው ተሰብስቦ ጎተራ የገባበት፣ ሰርግ የሚደረግበት፣ ወደ ሩቅ አገር የሄደው ዘመድ የሚመለስበት ወራት ነው። የተበተነ ዐፅም የተሰበሰበበት መታሰቢያ የተበተነውን የአጥቢያ ሰው ይሰበስባል። ነቢዩ ዳዊትም በ50ኛው መዝሙሩ የተሰበሩ አጥንቶቹ ሐሤት እንዲያደርጉ ለምኗልና፣ በዚህ ቀን ሥጋ ራሱ በደስታው መሳተፉ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ በዓል ሁለት ዐይነት እንቅስቃሴ ይታያል፤ ሰው ሁሉ አጥርቶ ባይለያቸውም አንድ አይደሉም። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ሽብሸባ ነው። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሲቆም መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ይባላል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ይላል፤ ከዚያ በመረግድ ከበሮው ይመታል፤ በጽፋትም ጭብጨባ ተጨምሮ ይፈጥናል። ይህ ሁሉ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ የተመሠረተ፣ ተማሪው በአቋቋም ቤት ብዙ ዓመት ተቀምጦ የሚማረው ሥርዐት ነው። መምህራን መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ማለቱን ጌታችን በመከራው ጊዜ ለመንገላታቱ፣ የከበሮውን መመታት ለመገረፉ፣ በከበሮው ላይ የተጠላለፈውን ጠፍርም ለግርፋቱ ሰንበር ምሳሌ አድርገው ያስተምራሉ። እንግዲህ ደብተራው ሲያሸበሽብ የሚያስበው ሕማሙን ነው። በሽብሸባ ውስጥ ለራሱ የሚጨፍር ሰው ካለ ትምህርቱን ገና አላገኘውም።

ሁለተኛው ሕዝቡ የሚያደርገው ጭፈራ ነው። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ በጥላና በመስቀል ታጅቦ ከወጣና ዑደቱን ከፈጸመ በኋላ፣ ወይም ወደ መንበሩ በሚመለስበት መንገድ፣ ጎበዛዝት ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው በሆታ፣ ሴቶች በእልልታና በጭብጨባ ይከተሉታል። ጭፈራው እንደየአገሩ ይለያያል። በጎንደርና በጎጃም ትከሻ የሚንቀጠቀጥበት እስክስታ አለ፤ በትግራይ ሕዝቡ ከበሮውን ተከትሎ በክብ እየዞረ ይጨፍራል፤ በሸዋ ኦሮሞ ምእመናን ዘንድ ደግሞ ረገዳ አለ። ይህን ማንም በጉባኤ ቤት አልተማረውም፤ ልጅ ከአባቱ፣ ልጃገረድ ከእናቷ ያየችው ነው። ትርጓሜ የተሠራለት ባይሆንም ገበሬው በአፉ ሊናገረው የማይችለውን ምስጋና በእግሩና በትከሻው ይናገርበታል።

ጭፈራን የሚነቅፉ ወገኖች ማስረጃ አላጡም። ሕዝበ እስራኤል በሲና ተራራ ሥር በወርቁ ጥጃ ፊት ዘፍነዋል፤ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈን የመጥምቁን ራስ አስቈርጧል። በ4ኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ወደ ሰርግ የሚሄድ ክርስቲያን በጨዋነት ይብላ እንጂ አይዝለል፣ አይጨፍር ብለው ወስነዋል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያም ስለ ስካር ባስተማረው ድርሳኑ፣ በሰማዕታት መቃብር ቦታ በፋሲካ ሰሞን ሲዘፍኑ የዋሉትን ሴቶች በብርቱ ቃል ገሥጿል። ይህ ነቀፋ በእኛም ዘመን ቦታ ያለው ስለሆነ ሊሸፈን አይገባውም። ነገር ግን የባስልዮስ ወዳጅ የነበረው ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ከሃዲው ዮልያኖስ ከሞተ በኋላ በጻፈው ድርሳን፣ መጨፈር ግድ ከሆነ የሄሮድያዳን ሳይሆን ታቦቱ ሲገባ ዳዊት ያደረገውን ጭፈራ አድርጉ ብሎ መክሯል። ስለዚህ አባቶች የነቀፉት በየትኛው ፊትና በምን ልብ እንደሚደረግ ለይተው ነው።

አሁን ወደ ዳዊት ታሪክ እንመለስ፤ የነገሩ ቍልፍ በዚያ ይገኛልና። በካልዕ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው ታቦቱ የተጓዘው ሁለት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው ሁለተኛውን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጉዞም ከበሮና ጸናጽል፣ በገናና መሰንቆ ነበረ፤ ንጉሡና ሕዝቡም በሙሉ ኃይላቸው ይጫወቱ ነበር። ሆኖም ዖዛ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን በነካ ጊዜ ተቀሠፈ፤ ደስታውም ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ ታቦቱም በአቢዳራ ቤት ሦስት ወር ተቀመጠ። ዳዊት ምክንያቱን መርምሮ ያገኘው በሙዚቃው አልነበረም። ሌዋውያን በትከሻቸው ሊሸከሙት የሚገባውን ታቦት በሠረገላ ጭነውት ነበርና፣ ስሕተቱ ሥርዐቱ መጓደሉ እንደ ነበረ በዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ተገልጿል። በሁለተኛው ጊዜ ሥርዐቱ ተስተካከለ፤ ተሸካሚዎቹ ስድስት ርምጃ በተራመዱ ጊዜ መሥዋዕት ቀረበ፤ ጭፈራው ግን አልቀረም፤ እንዲያውም በረታ። ንጉሡ ልብሰ መንግሥቱን ትቶ ከተራ ሕዝብ ጋር ዘለለ። በመጨረሻም ለወንዱም ለሴቱም እንጀራና ሥጋ አካፍሎ ወደየቤታቸው ሰደዳቸው። የእኛ የገጠር ጠበል ጸዲቅ ይህን ይመስላል።

ሜልኮል በመስኮት ሆና ባየችው ጊዜ በልቧ ናቀችው። ነቀፋዋ በቤተ መንግሥት ልማድ ሲመዘን ሐሰት አልነበረም፤ ንጉሥ በገረዶች ፊት እንዲያ መሆን አይገባውም ነበር። ዳዊት ግን የዘለልሁት በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ ከዚህም የበለጠ ራሴን አዋርዳለሁ ብሎ መለሰላት። ካህናት አባቶቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ገበሬ በታቦቱ ፊት ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሲዘል በበረንዳ ቆመን በፈገግታ የምንመለከተው ከሆነ፣ የቆምነው በሜልኮል መስኮት ነው።

እንዲህ ከሆነ ምን ይከልከል? መጀመሪያ ስካር ነው። ጠላው ለእንግዳ መቀበያ ይጠመቃል፤ ጎበዛዝት ከጠዋት ጀምረው ሲጠጡበት ግን ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከስካር የሚከፋው ፉከራ ነው። በሆታው መካከል አንዱ ዘሎ ገብቶ የአባቱን ጀግንነት ሲቈጥር፣ የአባቱ ጀግንነት የጎረቤቱን ወንድም መግደል ሊሆን ይችላል፤ የሟቹ ልጅም እዚያው ቆሞ ይሰማል። በንግሥ ቀን የተነሣ ደም እስከ ልጅ ልጅ ድረስ ቤት ሲያፈርስ ይኖራል። ደሙን ለክርስቶስ ባፈሰሰ ሰማዕት ስም የወንድምን ደም ማፍሰስ ከጭፈራ ነቀፋ ሁሉ የሚበልጥ ነውር ነው። በሌላ በኩል የአገር ሽማግሌዎች ደመኞችን ለማስታረቅ የሚመርጡት ይህንኑ ቀን ነው፤ ታቦቱ ሳይገባ ይቅር እንዲባባሉ ያደርጋሉ። ስለዚህ ቄሱ የነፍስ አባት እንደ መሆኑ በጭፈራው ዐውድ ማን ከማን ጋር ደም እንዳለው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በሩቅ ሆኖ የሚጠላው ካህን ይህን ሊያውቅ አይችልም።

ስድብና የዘፋኝነት ቃል ያለበት ግጥምም በታቦቱ ፊት አይባልም። ጎልማሳው ለልጃገረዲቱ የሚለው ቃል ሰው ሁሉ በሚያውቀው መጠን በጨዋታ ሜዳ ላይ ይቈይ፤ ጥር የሰርግ ወር ነውና ይህን ከሥሩ ለመንቀል መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

በእኛ ዘመን ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህ የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን ጭፈራ በመድረክ ላይ ለተመልካች ሲቀርብና ወጣቱ በታቦቱ ፊት ቆሞ በእጅ ስልኩ ራሱን ሲያነሣ፣ «በማን ፊት» የሚለው የዳዊት መልስ ይለወጣል። ፊቱ ወደ ታቦቱ የነበረው ሰው ጀርባውን ይሰጣል። ይህን በቃል ከማውገዝ ይልቅ በሥርዐት መምራት ይሻላል፤ ብዙ ወጣቶች ታቦቱ በሚያልፍበት መንገድ ምንጣፍ ተሸክመው ሲሮጡ የምናያቸው እነዚሁ ናቸውና።

የደብሩ አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤው ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ የጎበዝ አለቆችን ጠርተው ሊነጋገሩ ይገባል። ምስባክ ሲሰበክና ትምህርት ሲሰጥ ሆታው ዝም ይበል፤ ታቦቱ ጭፈራውን አይጠብቅ፣ ጭፈራው ታቦቱን ይከተል። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ከማኅሌቱ ውጭ ለማንም አይሰጥ፤ ሕዝቡ የራሱ ከበሮ አለውና እርሱን ይምታ። ጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ከቅጽሩ በር ሳያልፍ ለሽማግሌዎች ያስረክብ። ታቦቱ መንበሩ ከገባ በኋላ ሕዝቡ በሜዳው ላይ የሚጫወትበት ሰዓት ተወስኖ ይነገረው፤ አንድ ወይም ሁለት ካህናትም እዚያው በዛፉ ጥላ ሥር ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ጨዋታው እስኪበተን ይቈዩ።