ያየነው መኪና አይቶናል ወይ?

ሁላችንም በልጅነታችን «መንገድ ከመሻገርህ በፊት ግራና ቀኝህን ተመልከት» ተብለን ተምረናል። ነገ ተመድበን ስንሄድም ይህንኑ ለማስተማር ተዘጋጅተናል። ትምህርቱ ትክክል ነው፤ ጎጃም በረንዳ ላይ ግን አይበቃም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለምን እንደማይበቃና ምን ሊጨመርበት እንደሚገባ ማሳየት ነው።

ሀ. ቦታው

ጎጃም በረንዳ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ አካባቢ፣ ከአውቶቡስ ተራና ከእህል በረንዳ ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። መርካቶ የተተከለው በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደዚህ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። ዛሬ በሰፈሩ መንገዶች ላይ አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ፣ የእጅ ጋሪ፣ ተሸካሚ፣ ብስክሌተኛና ተማሪ አንድ ላይ ይጋፋሉ። እግረኛው አስፋልት ላይ የሚወርደው ወዶ አይደለም፤ የእግረኛው መንገድ ሸቀጥ ተዘርግቶበታል፣ ጭነትም ይራገፍበታል። ታዲያ በየት በኩል ይሂድ?

ለ. ሾፌሩ የማያየው ስፍራ

አንድ ቅዳሜ ማለዳ አራት ሆነን ወደ ሰፈሩ ሄድን። ጭነታቸው እስኪራገፍ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ሾፌር አገኘንና «ጋሼ፣ እባክዎ ወንበርዎ ላይ ተራ በተራ እንቀመጥ» አልናቸው። እየሳቁ «ውጡ፣ መሪውን ግን እንዳትነኩ» ብለው ፈቀዱልን። አንዳችን ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ፤ በቁመት ከሁላችን የምታንሰው ጓደኛችን ደግሞ ፓራውልቱን ተጠግታ ከፊት ቆመች። ከላይ ያለው ጭራሽ አላያትም። እጇን ወደ ላይ ስታነሳ ጣቶቿ ብቻ ታዩት። እሷ ሃያ ዓመት የሞላት ሰው ናት፤ የ1ኛ ክፍል ተማሪ ቢሆንስ ኖሮ? ሾፌሩም «እኔ ስፖኪዮዬን አያለሁ፤ ስፖኪዮው ያላሳየኝን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉን።

ከዚህ የተረዳነውን በአራት ከፍለን እናቀርባለን።

1. ከመኪናው አፍንጫ ሥር፦ ጋቢናው ከፍ ባለ ቁጥር የማይታየው ስፍራ ይሰፋል።

2. በቀኝ ጎን፦ በአገራችን መሪው በግራ፣ የመኪናው ጉዞ ደግሞ በመንገዱ ቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከቀኙ ጠርዝ ይርቃል። ብስክሌተኛና እግረኛ የሚሄዱት ደግሞ በዚያው ጠርዝ ነው።

3. ከኋላ፦ ሾፌሩ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ የሚተማመነው በረዳቱ «ና! ና! ቁም!» ላይ ነው። በመርካቶ ጫጫታ ይህ ድምፅ ይጠፋል። ጆንያ የተሸከመ ሰው ደግሞ አንገቱን ማዞር አይችልም፤ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ወደፊት መሄድ ብቻ ነው።

4. በመታጠፊያ ላይ፦ የኋላ ጎማ የፊቱን ጎማ ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ፊቱ በደህና አለፈኝ ብሎ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰው ኋለኛው ጎማ ያገኘዋል። በተሳቢ ሲሆን ይብሳል።

ሐ. ዝግታ አያዘናጋን

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን በፊዚክስ ተምረናል። ጎጃም በረንዳ ላይ ግን መኪናው የሚሄደው በእግር እርምጃ ነው። ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። 100 ኩንታል የጫነ መኪና ጭነቱ ብቻ 10 ቶን ነው እኮ! ቢዘገይም የሰው ገላ አያቆመውም።

መ. የተደረገና የቀረ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ከእነዚህ 23 በመቶው እግረኞች፣ 6 በመቶው ብስክሌተኞች ናቸው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሟቾቹ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ከተማው በ2011 ዓ.ም. የጭነት መኪኖች በቀን እንዳይዘዋወሩ ገደብ አውጥቶ ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በኮሪደር ልማቱ በበርካታ ጎዳናዎች የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። ለንደን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከ12 ቶን በላይ የሆኑ የጭነት መኪኖችን፣ ሾፌሩ በመስኮቱ በቀጥታ ምን ያህል እንደሚያይ እየመዘነች ታስገባለች። ይህም ጉድለቱ ከመኪናው አሠራርም እንደሚመጣ ያስረዳናል።

ሠ. እንዴት እናስተምረው?

በትምህርት ቤቱ ግቢ በጠመኔ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው መኪና እንሣል። በሾፌሩ ቦታ አንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጥና ከፊቱ ካርቶን እንያዝለት። ሌሎቹ በዙሪያው ይቁሙ፤ ማን እንደማይታይ ተማሪው ራሱ ይናገር። ከዚያ የሚከተሉትን እናስጠናቸው፦

– የሾፌሩን ፊት ካላየሁ እሱም አላየኝም።
– ከቆመ መኪና ፊትና ኋላ ተጠግቼ አላልፍም፤ ሊነሳ ይችላላ!
– ብስክሌት ስነዳ በጭነት መኪና ቀኝ በኩል አልሾልክም፤ ከኋላ እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ትምህርቱን ስንሰጥ ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ላይ እንዳንጭን። መሄጃ የሌለው ልጅ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አስፋልት ላይ መውረዱ አይቀርም። ስለዚህ መምህሩ ከወላጆች ጋር ሆኖ ወረዳውን፣ ነጋዴውንና ሾፌሩን ማነጋገር አለበት። ጥያቄያችንም ከባድ አይደለም፤ ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት ጭነት አይራገፍ፣ የእግረኛውም መንገድ ለእግረኛ ይለቀቅ።

በረንዳ እኮ ሰው ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለልበት ነው። ልጆቹም በደህና ይለፉበት።

ለውይይት፦ እያንዳንዳችን በተማርንበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሾፌር የማያየው ስፍራ የትኛው ነበር? ማን ሊያስተካክለው ይችል ነበር?