መስኮቱ ወደ የት ይከፈታል?

ልጆች ሳለን ነሐሴ ሲገባ እናታችን ደብተር ትቆልፍብን ነበር። የእህታችን ደብተር ውስጥ የተረፈውን ንጹሕ ቅጠል ሁሉ እየገነጠልን የእንቁጣጣሽ ሥዕል እንሠራበታለንና። አንዱ በካርቦን መልአክ ይገለብጣል፣ ሌላው ፀሐይና አበባ ይስላል። ታላቅ ወንድሜ ግን የራሱ ዘዴ ነበረው። አርባ ወረቀት በቅድሚያ በእርሳስ ይነድፍና የሁሉንም ቢጫ፣ ቀጥሎ የሁሉንም ቀይ፣ በመጨረሻ የሁሉንም አረንጓዴ ይቀባል። እኛ አንድ በአንድ እየጨረስን አሥረኛው ላይ እጃችን ሲዝል፣ እሱ መስከረም 1 ማለዳ አርባውን ታቅፎ ሰፈሩን ያዳርሳል። ሳንቲሙም የእሱ ነው።

ዛሬ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከሥራ መልስ ካርድ እየቆረጥኩ እሸጣለሁ፤ አሠራሬ የወንድሜ ነው። ይህን የምጽፈው ቀኑን ፓርኪንግ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሲያስታምም ወይም ሲነዳ ውሎ ማታ ሁለት ሰዓት ለሚተርፈው፣ እጁም ለወረቀት ለሚታዘዝለት ሰው ነው። በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ በሰየመው ጎዳና፣ በርበሬው አለ፣ ጀበናው አለ፣ ነጠላው አለ። ለእናት የሚላክ ባለ አማርኛ ካርድ ግን ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሥራውን የጀመርኩትም ለገበያ ብዬ ሳይሆን በዚያ ንዴት ነው።

የምሠራው የመስኮት ካርድ የሚባለውን ነው፤ ነገሩ ቀላል ነው። የካርዱ ፊት በመስኮት ቅርጽ ይቆረጣል፣ ከጀርባው መልክዓ ምድር ይለጠፋል፤ ካርዱን የያዘው ሰው በመስኮት አሻግሮ የሚያይ ይመስለዋል። የዕደ ጥበብ ሱቆች የሚሸጡት ንድፍ ግን መስኮቱ የፈረንጅ ጎጆ፣ ውጭው በረዶና ጥድ ነው። ያንን ገዝታችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ብትጽፉበት ከማንም ካርድ አይለይም።

እኛ የመስኮት ድሃ አይደለንም። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመውን፣ 24 ሜትር ያህል የሚረዝመውን የአክሱም ሐውልት ተመልከቱ፤ ድንጋዩ ላይ ከታች እስከ ላይ መስኮት ተፈልፍሎበታል። የላሊበላዋ ቤተ ማርያም ልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ ያላቸው መስኮቶች አሏት። የጎንደር ቤተ መንግሥት መስኮቶች ደግሞ ቅስታቸው በቀላ ድንጋይ የተከበበ ነው። ከሦስቱ ለጀማሪ የምመክረው የአክሱሙን ነው። መስመሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ በማስመሪያ ይቆረጣል፣ በአራቱ ማዕዘን ብቅ የሚሉት የአግዳሚ ጫፎችም ከሩቅ ያስታውቃሉ። የጎንደሩ ቅስት እጅ እስኪለምድ ይቆይ። የላሊበላው መስቀል ለገናና ለፋሲካ ያምራል፤ ለሙስሊም ወይም ለጴንጤ ደንበኛ ግን የአክሱሙን ይዞ መቅረብ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። የጥንት ሕንፃ ቅርጽ የሁላችንም ነው፤ የቅርብ ዘመን ሠዓሊ ሥራ ግን ባለቤት አለው። አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ለመስኮት ካርድ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቢሆንም ባለመብቱ ሳይፈቅድ ገልብጦ መሸጥ አይገባም።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ምላጩን ከማንሳታችሁ በፊት ካርዱን የሚከፍተው ሰው የት እንደቆመ ወስኑ። የመጀመሪያዎቹን ካርዶቼን በሙሉ አደይ አበባና ጭጋግ የለበሰ ተራራ አድርጌ ሠራኋቸው፤ ያምሩ ነበር። አንዲት እናት መጥተው አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ግን ይህን ለእህቴ ብልክላት አደዩ ደጇ ላይ አለ። እሷ ‹የምትኖሪበት አገር ምን ይመስላል› እያለች ነው የምትነዘንዘኝ» አሉኝ። ሳይገዙ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓይነት እሠራለሁ። እዚሁ ለምንሰጣጠው ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው አገር ቤት ነው። ወደ አገር ቤት ለሚሄደው መስኮቱ ያው የአክሱም ሆኖ፣ ውጭው ረጃጅም ዘንባባ፣ የፌርፋክስ ሱቆች፣ ሜይ ላይ ለሚውለው የእናቶች ቀን ከሆነ ደግሞ እዚህ በዚያ ወር የሚያብበው ሐምራዊ ጃካራንዳ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው በልጦ እየተሸጠልኝ ነው።

ወረቀት ስትገዙ በቁጥር እንዳትታለሉ። «110 ፓውንድ ኢንዴክስ» የሚለው «80 ፓውንድ ከቨር» ከሚለው የወፈረ ይመስላል፤ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የመጀመሪያው በካሬ ሜትር 199 ግራም፣ ሁለተኛው 216 ግራም ነው። ለመስኮት የሚሆነው 80 ከቨር ነው፤ ከዚያ ከሳሳ የመስኮቱ አግዳሚ ይታጠፋል። ባለ 8 ተኩል በ11 ኢንች ወረቀት አንዱ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። እንጨት በጭረቱ እንደሚፈለጥ ወረቀትም የራሱ ጭረት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በ11ዱ ኢንች አቅጣጫ ይሄዳል። ስለዚህ 11ዱን ለሁለት ከፍላችሁ 5 ተኩል በ8 ተኩል ካደረጋችሁ በኋላ 8 ተኩሉን እጠፉ፤ እጥፋቱ ከጭረቱ ጋር ይሄድና ልስልስ ይላል። በሌላ በኩል ከፍላችሁ 4 ከሩብ በ11 ካደረጋችሁት እጥፋቱ ጭረቱን ያቋርጥና ቀለሙ ይሰነጠቃል። እጥፋቱን በቅድሚያ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ጫን ብላችሁ አስምሩት።

ካርዱ ሲታጠፍ ፊቱ 4 ከሩብ በ5 ተኩል ኢንች ይሆናል። መስኮቱን 2 ከሦስት ሩብ በ3 ተኩል አድርጉት። ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ ሦስት ሩብ ኢንች፣ ከታች 1 ከሩብ ይተርፋል፤ ጽሑፉ ታች ይገባል። በመስኮቱ መካከል የሚያልፉት መስቀለኛ አግዳሚዎች ከአንድ ሩብ ኢንች አይቅጠኑ። መጀመሪያ ቀጭን አድርጌያቸው ከሃያ ካርድ ሰባቱ እጄ ላይ ተበጠሱ።

ስትቆርጡ ባለ 11 ቁጥር ምላጭ፣ የብረት ማስመሪያና የመቁረጫ ምንጣፍ ይበቃል። የምላጩን ጫፍ ማዕዘኑ ላይ ትከሉና ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ማዕዘኑን ሁልጊዜ መነሻ እንጂ መድረሻ አታድርጉት፣ አለዚያ ምላጩ አልፎ ይሄዳል። እጃችሁን ሳይሆን ወረቀቱን አዙሩ። በአንድ ጊዜ ለመብሳት አትጫኑ፤ ሁለት ቀላል ምልልስ ከአንድ ከባድ ግፊት ይሻላል። ምላጩ ወረቀቱን መጎተት ሲጀምር ቀይሩት፣ ምላጭ መቆጠብ ወረቀት ማባከን ነው። ለአራቱ ማዕዘን ሩብ ኢንች የሚሆኑ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ቆርጣችሁ በሙጫ ለጥፉ። በስፖንጅ ፕላስተር ከፍ ብታደርጓቸው ውበታቸው ይጨምራል፤ ግን ከፖስታ ጋር ያጣላችኋል፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

ከመስኮቱ ጀርባ ለሚሆነው ሥዕል ሦስት ድርብ ይበቃል፤ ሰማይ፣ የሩቅ ተራራ፣ የቅርብ አበባ። ተራራውን ቀድዱት እንጂ አትቁረጡት። ላዩ ብቻ ቀለም የተቀባ ነጭ ወረቀት በእጅ ሲቀደድ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያ ነጭ መስመር የክረምት መውጫ ጭጋግ ይሆንላችኋል። ሁሉንም ዝርዝር ለመሳል የሚታገል ሰው አይቻለሁ፤ መስኮቱ አብዛኛውን ይሸፍነዋል፣ ድካሙ ከንቱ ነው። የወንድሜ ዘዴ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ማታ ማጠፍ ብቻ፣ ሌላው ማታ መቁረጥ ብቻ፣ ሌላው ማታ መለጠፍ ብቻ።

ጽሑፉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእንግሊዝኛ ካርድ ለሁሉም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ በእኛ ግን «አደረሰህ»፣ «አደረሰሽ»፣ «አደረሰዎ»፣ «አደረሳችሁ» አለ። ሁሉንም በአንድ ዓይነት ብታትሙ ወይ አባቱን አንተ የሚል ልጅ ታፈራላችሁ፣ ወይ ጓደኛውን አንቱ የሚል። እኔ አክብሮቱንና ብዙ ቁጥሩን ብቻ አዘጋጃለሁ፣ ለቀረው ባዶ እተዋለሁ። በእጅ መጻፍ ለሚከብደው አቢሲኒካ የተባለው የፊደል ቅርጽ በነፃ የተፈቀደ ነው።

ዘመኑንም አረጋግጡ። «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ» የሚለው ለ2019 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ይውላል። 2020 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከፊቱ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን እንቁጣጣሹ በሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። እኔ 2016 ሲገባ ይህን ረስቼ ሠላሳ ካርድ ላይ ሴፕቴምበር 11 ብዬ ጽፌ ሁሉንም ጣልኩ።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ወገኖቼ ራሳችሁን ትጎዳላችሁ። በጅምላ ሲሠራ አንዱ ካርድ 12 ደቂቃ ይወስድብኛል። በጁላይ 2025 የሎስ አንጀለስ ከተማ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 17 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነበር፤ በዚያ ሒሳብ 12 ደቂቃ 3 ዶላር ከ57 ነው። ወረቀት፣ ሙጫ፣ ፖስታና ግልጽ መሸፈኛ 95 ሳንቲም ይሆኑብኛል። ድምሩ 4 ዶላር ከ52። በ7 ዶላር ራሴ ስሸጥ አዋጪ ነው። አንድ ባለ ሱቅ «በግማሽ ዋጋ አምጪ» ሲለኝ ግን 3 ከ50 ማለት ነው፤ በያንዳንዱ ካርድ አንድ ዶላር ከፍዬ አቀብለዋለሁ ማለት ነው። በአደራ አስቀምጬ ከሽያጩ 30 በመቶ ለሱቁ ብሰጥ እንኳ የሚተርፈኝ 38 ሳንቲም ብቻ ነው። ሱቅ መግባት የሚያዋጣው በመቁረጫ ማሽን ደቂቃውን ከቀነሳችሁ ነው። እስከዚያው በበዓል ሰሞን ራሳችሁ ቁሙ።

ሕጉ የምትፈሩትን ያህል አይከብድም። በካሊፎርኒያ ዕቃ ለመሸጥ የሻጭነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ክፍያ የለውም፣ ለአንድ በዓል ብቻ ለምትሸጡም ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። በከተማው የሽያጭ ታክሱ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ 9.75 በመቶ ስለሆነ በ7 ዶላር ካርድ ላይ 68 ሳንቲም ይመጣል። ያ ገንዘብ የእናንተ አይደለም፣ ለብቻው አስቀምጡት።

ፖስታውን በመጨረሻ ያመጣሁት ካርዱ ሁሉ የሚበላሸው እዚያ ስለሆነ ነው። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ፖስታ አትግዙ፤ ርዝመቱ ለቁመቱ ሲካፈል ከ1.3 በታች ከሆነ ማሽን አያስተናግደውምና ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። በስፖንጅ ፕላስተር ጎርበጥ ያለም እንደዚያው ነው፤ ከሩብ ኢንች ከወፈረ ደግሞ ደብዳቤ መሆኑ ይቀራል። ከላይ የነገርኳችሁ ልክ ግን በመደበኛው ፖስታ ገብቶ ከአንድ አውንስ በታች ስለሚሆን እዚሁ አገር ውስጥ በአንድ ቴምብር ይሄዳል። ወደ ኢትዮጵያም አንድ የውጭ አገር ቴምብር ይበቃዋል፤ በጁላይ 2025 ዋጋው 1 ዶላር ከ70 ሆኖ ነበር።

አገር ቤት ደብዳቤ በር ድረስ አይመጣም፤ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ያስፈልገዋል። ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ካርድ ምን ቢያምር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ለደንበኛ ካርድ ስትሸጡ «ሳጥን ቁጥር አለዎት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌላቸው የሚሠራ ዘመድ ያስቡ፣ መሥሪያ ቤት ሳጥን አያጣም። የእናቴ ካርድ የሚደርሳት በአጎቴ መሥሪያ ቤት ሳጥን ነው።