የረግረግ እባብን ለይቶ ማወቅ

ለሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የስልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ የረግረግ እባብን በመልኩና በሚኖርበት ቦታ ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ሰው በእባብ ሲነደፍ ምን መደረግ እንዳለበትም ለልማት ቡድናችሁ ታስረዳላችሁ።

1. መግቢያ

የመስኖ ቦይ ስትጠርጉ፣ ሩዝ ስታርሙ ወይም ከረግረግ ሣር ስታጭዱ ትንሽ እባብ ከእግራችሁ ሥር ውልብ ብሎ ውሃ ውስጥ ሲገባ አይታችሁ ይሆናል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ ብዙ ሰው ወዲያው ዱላ ወይም አካፋ ያነሳል። ነገር ግን በውሃ ዳር የሚታይ እባብ ሁሉ መርዛማ አይደለም። ለመግደል ብሎ መጠጋት ደግሞ ራሱ ለመነደፍ ያጋልጣል።

2. መለያ ምልክቶች

የረግረግ እባብ ሳይንሳዊ ስሙ ናትሪሲቴሬስ ኦሊቫሲያ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። ሰውን የሚጎዳ መርዝ የለውም።

• ርዝመት፦ ያደገው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀጭን ነው።
• ጀርባ፦ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላ ግራጫ ነው። ብዙ ጊዜ በጀርባው መሐል እስከ ጅራቱ የሚዘልቅ ጠቆር ያለ ሰንበር አለው።
• ከንፈር፦ የላይኛው ከንፈሩ ቅርፊቶች ቢጫማ ሆነው ጠርዛቸው ጥቁር ነው፤ በጥቁር ክር የተሰፋ ይመስላል።
• ራስ፦ ትንሽ ነው፤ ከአንገቱ ብዙም አይሰፋም።
• ጅራት፦ ሲያዝ እንደ እንሽላሊት ይቆረጣል፤ ግን ተመልሶ አያድግም። ጅራቱ የተቆረጠ ብታዩ አይግረማችሁ።

3. የሚኖርበት ቦታ

ይህ እባብ ከውሃ አይርቅም። በረግረግ፣ በጅረትና በኩሬ ዳር፣ በመስኖ ቦይ አካባቢ ይኖራል። በአብዛኛው ቀን ቀን ይንቀሳቀሳል፤ ሲደነግጥ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሲያርፍ ከድንጋይ ወይም ከወደቀ ግንድ ሥር ይጠለላል። ዋና ምግቡ እንቁራሪትና ትናንሽ ዓሣ ስለሆነ አይጥ ያጠፋልናል ብላችሁ አትጠብቁ። ሆኖም ሰብል አያበላሽም፣ ከብትም አይጎዳም።

4. የሚያሳስቱ ነገሮች

• ቦታው ብቻ አይበቃም። ኮብራም እንቁራሪት ፍለጋ ውሃ ዳር ይመጣል። ሲቆጣ ቀና ብሎ አንገቱን ይዘረጋል።
• ትንሽነቱ ብቻ አይበቃም። የእፉኝት ልጅ ከተወለደ ጀምሮ መርዝ አለው። እፉኝት አጭርና ወፍራም፣ ራሱም ሰፊ ነው። ሰው ሲቀርበው ከመሸሽ ይልቅ ባለበት ስለሚቆይ በቀላሉ ይረገጣል።
• የዓይኑን ብሌን ለማየት አትጠጉ። የረግረግ እባብም ኮብራም ብሌናቸው ክብ ስለሆነ አይለያቸውም።

ስለዚህ ምልክቶቹን ከርቀት አይታችሁ እርግጠኛ ካልሆናችሁ መርዛማ ነው ብላችሁ ቁጠሩት። እርግጠኛ ብትሆኑም በእጃችሁ አትያዙት፤ መሄጃውን ልቀቁለት።

5. በሥራ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

• ቦይ ስትጠርጉና ሣር ስታጭዱ ቡትስ ጫማ አድርጉ።
• ከመግባታችሁ በፊት ሣሩን በረጅም ዘንግ ነካ ነካ አድርጉ።
• ድንጋይና ግንድ በባዶ እጅ ሳይሆን በመቆፈሪያ አንሱ።
• ማታ ውሃ ለማጠጣት ስትወጡ ባትሪ ያዙ።

6. ሰው ቢነደፍ

የነደፈው የረግረግ እባብ ነው ብላችሁ ብታስቡም ጊዜ አታባክኑ።

• ከእባቡ አርቁት፤ አረጋጉት፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳያንቀሳቅስ አድርጉ።
• ቀለበት፣ አምባርና ጠባብ ጫማ ቶሎ አውልቁለት።
• በቃሬዛ ወይም በተገኘው መጓጓዣ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት፤ በእግሩ አታስኪዱት።
• ቁስሉን አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ በገመድ አትሰሩት፣ ቅጠልም አታድርጉበት።
• እባቡን ለመግደል አትከተሉ፤ መልኩንና ርዝመቱን አስታውሳችሁ ለባለሙያው ንገሩ።

7. የውይይት ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችሁ የረግረግ እባብ የሚኖርባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?
ለ. የረግረግ እባብን ከእፉኝት የሚለዩትን ሦስት ምልክቶች ዘርዝሩ።
ሐ. ከማሳችሁ እስከ ቅርቡ ጤና ተቋም ሰው ለማድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል? ቃሬዛውን የሚይዙትስ እነማን ናቸው? መልሱን ከቡድናችሁ ጋር ዛሬውኑ ወስኑ።