የአምቡሊ ፉል

ልጄ፣ ለግቢሽ አበባ እንዳማረሽ ሰማሁ። ጽጌረዳውን ተዪውና ፉል ትከዪ። የቁርሱን ፉል ማለቴ አይደለም፤ የመኖች ፉል የሚሉትን ነጩን ጃስሚን ነው።

1. ዘር ፍለጋ አትድከሚ፤ ፉል የሚራባው በቁራጭ ነው። እርሳስ የሚያህል፣ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ጎረቤት ለምነሽ፣ የታችኛውን ቅጠል ገንጥለሽ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ጥላ ሥር ትከዪው። ከወር እስከ ወር ተኩል ይፈልጋል፤ ከዚያ ወደ ማሰሮ አዛውሪው። ሥር ሰደደ አልሰደደ እያልሽ አትንቀዪው፤ አውቅሻለሁ።

2. እዚህ ጅቡቲ ተክል የሚጨርሰው ከጥማት ይልቅ ጨው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ጨዋማ ነው። የመጀመሪያ ፉሌን እናቴ ጤና አዳሟን እንደምታጠጣው ጠዋት ጠዋት እፍኝ እፍኝ አጠጣሁት። የቅጠሉ ጫፍ እሳት እንደነካው ቡናማ ሆነ። ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። አንድ ቀን የማሰሮው ከንፈር ላይ ነጭ ቅርፊት አይቼ በጣቴ ፍቄ ቀመስኩት፤ ጨው! ያኔ ተክሉ አልቆለት ነበር። አንቺ አፈሩ ደረቅ ሲል ብቻ፣ ውሃው ከሥር እስኪፈስ ድረስ አጠጪ፤ ጨውን አጥቦ ይወስደዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የኤሲ ውሃ ነው። ከቱቦው ሥር ጀሪካን አኑሪ፤ ጨው የለበትም፣ ገንዘብም አያስወጣም። ጫት ደርሶ ከተማው ጸጥ በሚልበት ሰዓት ግን አታጠጪ፤ መግሪብን ጠብቂ።

3. ማሰሮውን ጡብ ላይ አስቀምጪ። ውሃው እንዲወርድ ነው፤ ደግሞ የአምቡሊ ወንዝ አመሉ ይታወቃል፣ የኅዳር 2012 ዓ.ም. ጎርፍን ያየ ይነግርሻል።

4. የካቲት መጨረሻ ላይ ሳትራሪ ቁረጪው፤ አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው። እኛ አገር አበባ ሲባል መስከረም ነው፤ እዚህ ከቁረጣው በኋላ አዲሱን ቀንበጥ ነው የምንጠብቀው።

5. በሰኔ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ ሲነፍስ ከግንቡ በስተምሥራቅ አስጠጊው።

6. እንቡጡን አመሻሽ ላይ፣ እንደ እሸት በቆሎ ፍሬ ነጭ ሆኖ ሲነፋ ግን ሳይከፈት ቅጠፊ። ሳህን ላይ ጠብታ ውሃ አድርገሽ አኑሪው፤ ሌሊት ይፈካል። የየመን ሴቶች በክር ሰክተው ያጠልቁታል። እኔ ሁለት እንቡጥ ትራሴ አጠገብ ይበቃኛል፤ ሽታው ስስ ሆኖ ሲመጣ ነው የምወደው።

ቁራጭ ካጣሽ እኔ ጋ አለ። ስትመጪ ባዶ ጀሪካን ያዢ፤ የኤሲዬ ውሃ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።